ዘይቱ ይንጠባጠብ፤ ሞተሩ ግን ይነሳ!

ባለፈው እሑድ በአንድ ብሎን ተዋረድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው። በሥራ ቀን ሆንዳ 125 ላይ ተቀምጬ ለሰው እራት አደርሳለሁ። እሑድ ሲመጣ ደግሞ በ1951 የተሠራች ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም ሞተር ሳይክሌን ይዤ እወጣለሁ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከወዲሁ እንስማማ።) "ነድቼ እወጣለሁ" ያላልኩት አውቄ ነው። ግማሹን መንገድ እሷ እኔን ትሸከማለች፣ ግማሹን እኔ እሷን እገፋለሁ። ፍቅር መቼም እንዲህ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የአሮጌ እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ሳይክል ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ሜዳ አለ። ትራያምፉ፣ ኖርተኑ፣ ቢ.ኤስ.ኤ.ው፣ ቪንሰንቱ ተሰልፎ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ባለቤቶቹ ሻይ በቴርሞስ ይዘው ተጣጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ከነበሩት ሰዎች ፀጉሩ ያልነጣ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቆዳው ያልነጣም እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱን ለጊዜው እንለፈው።

ልመለስ ስል ባንታሜ አልነሳም አለች። ዕቃዬን አወጣሁ። 13 ቁልፍ ሞከርኩ፤ አልገባም። 14 ሞከርኩ፤ ገባና ዝም ብሎ ዞረ፤ የብሎኑን ጠርዝ ላጠው። ወደ ወንበሮቹ ሄድኩና በትሕትና "ይቅርታ፣ ይህን ብሎን የሚፈታው ስንት ቁጥር ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሳቁ። አንደኛው "ይሄን የማያውቅ ሰው ባንታም ምን ያደርግለታል?" አለ። ሁለተኛው ጎንበስ ብሎ አየና፣ ብሎኑን ትቶ፣ ካርቡራተሩ የዚያ ዘመን አለመሆኑን ነገረኝ። ሦስተኛው የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር አንድ ላይ የወጡ አለመሆናቸውን አረጋግጦ፣ በሽተኛው እንደማይድን ያወቀ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ሊቃውንት፣ አንድ ብሎን፣ መልስ የለም።

በመጨረሻ ከዳር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። በጨርቅ ከተጠቀለለ የዕቃ ጥቅል ውስጥ የጠቆረ ቁልፍ መዘው ሰጡኝ። "ሩብ ዊትወርዝ ነው" አሉኝ። "ውሰደው፤ እኔ ሌላ አለኝ።" ብሎኑ በሁለት ደቂቃ ተፈታ። በልቤ "ጋሼ" ብዬ የምጠራቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

ለማታውቁት፦ ዊትወርዝ ማለት ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1841 ያወጣው የብሎን መለኪያ ነው። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የብሎኑን ራስ ስፋት አይነግራችሁም፤ የግንዱን ውፍረት ነው የሚነግራችሁ። ሩብ ኢንች የተባለው ብሎን ራሱ ሲለካ 13.3 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። 13 አይገባበትም፣ 14 ይዞርበታል። ይህን ሰው ካልነገራችሁ ከየትም አታመጡትም፤ ከሰማችሁት ደግሞ ዕድሜ ልካችሁን አትረሱትም። የፈጀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስቱ ሊቃውንት የነፈጉኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው የሳቁብኝ አልነበረም ያናደደኝ። ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው፦ እነዚህ ሰዎች የሚወዱትን ሞተር ሳይክል የገደለውን በሽታ ዛሬ ራሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። የሚነዳውን ሰው መናቅ የሚሉት በሽታ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነሱ ነበር፤ አማርኛ ስለማያነቡ ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

"ጃፓን ገደለችው"

በዚያ ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ምን ነካው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ ጃፓን ገደለችው። ሐዘንተኛ ገዳይ ሲፈልግ ሩቅ ያለውን ይመርጣል።

ይህን ተረት ለማፍረስ የእኔ ባንታም ብቻዋን ትበቃለች። ባንታም የእንግሊዝ ፈጠራ አይደለችም። ዲ.ካ.ቬ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ የነደፋት አር.ቲ. 125 ናት። ጀርመን ስትሸነፍ ንድፉ እንደ ጦር ካሳ ለአሸናፊዎቹ ደረሰ፤ ቢ.ኤስ.ኤ. በ1948 ባንታም ብሎ ለገበያ አወጣት። የቴሌግራም ተላላኪ ልጆች ሲነዷት ኖሩ። አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፦ ያማሃ በ1955 የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ሲሠራ መነሻ ያደረገው ያችኑ የጀርመን ሞተር ነው። ዘሩ አንድ ነው፤ የተዘራው ሁለት ማሳ ላይ ነው። ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታምን እዚህም እዚያም እየነካካ እስከ 1971 ሸጣት፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ራሱ ወደቀ። ያማሃ ዛሬ የት እንዳለ ለአዲስ አበባ ልጅ አይነገረውም። ታዲያ ልዩነቱ ዘሩ ነው ወይስ አራሹ?

ቢ.ኤስ.ኤ. ደግሞ ትንሽ ቤት አልነበረም። በ1861 የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች ተሰብስበው ያቋቋሙት ነው። "ፒኪ ብላይንደርስ" የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ያያችሁ፣ በመጀመሪያው ክፍል ጠመንጃዎቹ የሚሰረቁት ከዚህ ፋብሪካ ነው። በ1951 ትራያምፍን ሲገዛ የዓለም ትልቁ ሞተር ሳይክል አምራች ነበር። ከዚህ ከፍታ እስከ መቃብሩ የፈጀበት ከ25 ዓመት በታች ነው።

ማንም ሳያስጠነቅቀው እንዳይመስላችሁ። ሆንዳ በ1959 ማን ደሴት ላይ ወደሚካሄደው ዝነኛ ውድድር መጣ፤ በ1961 የ125ቱንም የ250ውንም አሸነፈ። ኤድዋርድ ተርነር በ1960 ጃፓን ድረስ ሄዶ ፋብሪካዎቹን በዓይኑ አይቶ ተመልሷል። ተርነር ማለት በ1937 ስፒድ ትዊን የተባለውን ባለ ሁለት ሲሊንደር ትራያምፍ ነድፎ የአገሪቱን አብዛኞቹን ፋብሪካዎች ተከታዩ ያደረገ ሰው ነው። ያየውን በሪፖርት ጽፎ አቀረበ። አለቆቹ ግን ራሳቸውን በአንድ ወግ ያጽናኑ ነበር፦ "ትንንሹን ጃፓኖች ይሽጡ። ልጁ በትንሹ ይለማመድና ሲያድግ ወደ እኛ ትልቅ ሞተር ይመጣል።"

ልጁ አደገ። የመጣው ግን ወደ ሆንዳ ትልቅ ሞተር ነው።

ትራይደንትን ውሰዱ። በርት ሆፕዉድና ደግ ሂል የተባሉት መሐንዲሶች ያሰቡት ይህ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል በ1965 ሙከራ ላይ ነበር። ገበያ የወጣው ግን በ1968 ነው፤ እሱም በእግር እየተረገጠ የሚነሳ፣ የፊት ፍሬኑም ተራ ፍሬን ሆኖ። በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750ን አመጣ፦ አራት ሲሊንደር፣ ዲስክ ፍሬን፣ በአንድ ጣት የሚነሳ ሞተሪኖ። ዝነኛው ትራያምፍ ቦንቪል ሞተሪኖ ያገኘው በስንት ይመስላችኋል? በ1980። ነጂው 11 ዓመት ሙሉ ሲረግጥ ኖረ።

ነጂው አልጮኸም እንዴ? ጮኸ እንጂ! "ዘይት ያንጠባጥባል" አለ። የሞተሩ ቤት ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቆ የሚገጠም ስለነበር ዘይቱ በስፌቱ በኩል መውጫ አያጣም ነበር፤ ሆንዳ በአግድም ሰንጥቆት ስፌቱን ከዘይቱ በላይ አደረገው። "መብራቱ በሌሊት ይጠፋል" አለ። የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን የሚሠራው ሉካስ የተባለው ኩባንያ "የጨለማው ልዑል" የሚል ማዕረግ ያገኘው በዚህ ነው። ለነጂው የተሰጠው መልስ ምን ነበር? ቀልድ። "ከሥሩ ዘይት ካላያችሁ ውስጡም ዘይት የለም ማለት ነው።" ቀልዱ ያስቃል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ደንበኛ በቀልድ የሚሸኝበት ሱቅ ዕድሜ የለውም።

ይልቁንስ ማንም ያልጠየቀውን ሠሩለት። በ1970 ኤሪየል 3 የሚባል ባለ ሦስት ጎማ ጉድ አወጡ፤ ገዢ አጥቶ ቀረ። በ1971 አዲስ ሻንሲ አወጡ፤ መቀመጫው ከፍ ከማለቱ የተነሳ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው መብራት ላይ ሲቆም እግሩ መሬት አይደርስም ነበር። ይህን የነደፉት ከፋብሪካው ርቆ አምበርስሌድ ሆል በሚባል የመኳንንት ቤት የተቀመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ሠራተኛው የቤቱን ስም ጠምዝዞ "የእንቅልፍ አዳራሽ" የሚል ድምፅ እንዲሰጥ አድርጎ ይጠራው ነበር። ሠራተኛው ያውቅ ነበር። ነጂውም ያውቅ ነበር። ያልጠየቃቸው ነው የጠፋው።

ሠራተኛው ከአለቃው ይልቅ ሞተሩን ይወድ እንደነበር ደግሞ በተግባር ታይቷል። በ1973 ሜሪደን ያለው የትራያምፍ ፋብሪካ ይዘጋል ሲባል ሠራተኞቹ በሩን ይዘው እምቢ አሉ። በ1975 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ራሳቸው ቦንቪል መሥራት ቀጠሉ፤ እስከ 1983 ገፉ። አለቆቹ በሄዱበትም ዘመን የቀሩት እጃቸው ዘይት የነካው ሰዎች ናቸው።

የሊብሬ አምላኪዎች

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። ፋብሪካዎቹ ከሞቱ በኋላ እነዚህ ሞተሮች ዛሬ ድረስ የኖሩት በወዳጆቻቸው ነው። ይህን ክብር አልነፍጋቸውም። በ1946 ቲች አለን የሚባል ሰው የአሮጌ ሞተር ሳይክል ክለብ ሲያቋቁም ዕቃዎቹ ለቁራጭ ብረት የሚሸጡ ነበሩ። ያዳናቸው ግን ጨርቅ አልብሶ አይደለም፤ ሰው ሰብስቦ በመንዳት ነው።

ዛሬስ? ዛሬ የመጀመሪያው ጥያቄ "ይነሳል?" አይደለም። "ቁጥሩ ይገጥማል?" ነው። መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ሊብሬ ያዞረ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ማመሳከር። ልዩነቱ እዚያ የሚያመሳክረው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መሆኑ ነው። እዚህ በእሑድ ቀን፣ በነፃ፣ በፍቅር ስም ነው የሚደረገው።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ አንደባበቅ። በ2018 ላስ ቬጋስ ላይ አንድ ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ 929,000 ዶላር ተሸጠ። በ2016 ኮርንዎል ውስጥ ከጎተራ የወጡ፣ ከ50 ዓመት በላይ ማንም ያልነካቸው፣ ዝገት የበላቸው ስምንት ብራፍ ሱፒሪየሮች ለጨረታ ቀረቡ፤ አንዱ ብቻ 331,900 ፓውንድ አወጣ። ብራፍ ማለት "የዓረቡ ሎውረንስ" የተባለው ሰው በየአገሩ መንገድ ሲያስጋልበው የኖረ፣ በ1935 የሞተበትም ሞተር ነው። ለመጋለብ የተሠራ ነገር ዝገቱ ሳይነካ ስለቀረ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ከዚህ በኋላ የትኛው ሞኝ ዝናብ ላይ ያወጣዋል? ዋጋው ሲጨምር ሞተሩ ከመንገድ ወደ ሳሎን ይገባል፤ ሳሎን የገባ ሞተር ደግሞ ከቡፌ በምን ይለያል?

በጣም የሚያስቀው፣ "እንደ ወጣ ይቀመጥ" የሚለው ሃይማኖት ራሱ የኋላ ፈጠራ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እነዚህን ሞተሮች ዝነኛ ያደረጓቸው ወጣቶች ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቃላችሁ? ያርዷቸው ነበር። ኖርተን በ1950 ያወጣው "የላባ አልጋ" የሚባለው ሻንሲ መንገድ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ሞተር ደግሞ የትራያምፍ ይሻላል ተባለ። የሁለቱን አገቡና ትራይተን አሉት። በዚያ ለንደን ዳርቻ ካለው ኤስ ካፌ ተነስተው በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ለመግባት ይሽቀዳደሙ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ትራይተኑን ይዞ ወደ እሑዱ ሜዳ ቢመጣ ቁጥሩ አይገጥምምና እንደ እኔ ይሳቅበት ነበር። የሚስቁበት ግን በወጣትነታቸው እሱ የነበሩት ሰዎች ናቸው!

ያኔ እነዚህን ልጆች ጋዜጣው ዱርዬ ይላቸው ነበር። በር የከፈተላቸው አንድ ቄስ ነው። ቢል ሸርጎልድ የተባለ የአንግሊካን ካህን በ1962 ወደ ኤስ ካፌ ሊጋብዛቸው ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ የቄስነት ኮሌታውን በሻርፕ ሸፍኖ፣ ፈርቶ፣ ሳይቆም አልፎ እንደነዳ ይነገራል። ሁለተኛ ተመለሰ። ከዚያ ግብዣ በኋላ የ59 ክለብ ከዓለም ትልልቅ የሞተር ሳይክል ክለቦች አንዱ ሆነ። ቄሱ የሻንሲ ቁጥር አልጠየቀም።

ማድራስ ላይ ያልሞተው

"ታዲያ ካልጠበቅነው ይጠፋል" የሚሉ አሉ። ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፤ መልስ ይገባዋል።

መልሱ ህንድ አገር ነው ያለው። ሮያል ኤንፊልድ ሬዲች የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ፋብሪካ ነበር። ቡሌት የሚባለውን ሞተር ሳይክሉን የህንድ ጦርና ፖሊስ ፈለጉት፤ በ1955 ማድራስ ላይ መገጣጠም ተጀመረ። ሬዲች በ1967 ተዘጋ። እንግሊዝ ውስጥ ያለው ሥራ በ1970 አበቃ። ማድራስ ግን ቀጠለ። በ1977 ህንድ የሠራችውን ቡሌት መልሳ ለእንግሊዝ መሸጥ ጀመረች! ዛሬም ቡሌት ይሠራል። በ2018 ደግሞ ኩባንያው አዲስ ባለ ሁለት ሲሊንደር 650 አወጣ፤ ቅርጹን ያየ የ1960ዎቹ ሰው በዘመዱ ፈንታ ሰላም ይለዋል።

ማድራስ ላይ ቡሌትን ማን አዳነው? ሙዚየም አይደለም። ወተት ጭኖ፣ ሦስት ሰው ጭኖ፣ ተራራ አውጥቶ የሚነዳው ሰው ነው። መንገድ ዳር ጎዝጉዞ ተቀምጦ በመዶሻና በቁልፍ የሚፈታው መካኒክ ነው። ቁጥሩ ገጠመ አልገጠመ የሚል ሰው እዚያ አልነበረም፤ ለነገ ሥራ መነሳት ነበረበት። የተነዳው ኖረ፤ የተናቀው ሞተ። ለነገሩ ኖርተንን በ2020 የገዛው ቲቪኤስ የህንድ ኩባንያ ነው። የቢ.ኤስ.ኤ.ን ስም በ2016 የገዛውም ማሂንድራ የህንድ ነው። ውርሱ ወደሚነዳ ሰው ሄደ።

ሙዚየም ይቅር እያልኩ አይደለም። አንድ ብቻ የቀረ ሞተር ካለ መስታወት ውስጥ ይግባ፤ ልጆቻችን ይዩት። ግን ሙዚየምም ዘላለማዊ አይደለም። በበርሚንግሃም አጠገብ ያለው ብሔራዊ የሞተር ሳይክል ሙዚየም በ2003 ተቃጥሎ በመቶ የሚቆጠሩ ሞተሮች ጠፉ። ከአመዱ ብዙዎቹ ተመልሰው የቆሙት እንዴት ይመስላችኋል? መሥራት የሚያውቅ እጅ ስለነበረ ነው። ብረቱ ይቃጠላል፤ እጁ ካለ ብረቱ ይመለሳል። እጁ ከሞተ ግን ብረቱ ቢኖርም የለም።

ጋሼ ሲያልፉስ?

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በ1959 ቦንቪል ሲወጣ የ18 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 80ን አልፏል። የሜሪደን ፋብሪካ ሲዘጋ ገና ጀማሪ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ ጡረታ ደጃፍ ላይ ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ነገር መጽሐፍ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የለም። ጠዋት ከመርገጣችሁ በፊት ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ረግጣችሁ የተጣበቁትን ሳህኖች ማላቀቅ። ካርቡራተሩ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን ጣታችሁን እስኪያርስ መጫን። የእሳቱን ሰዓት ወደኋላ ካልመለሳችሁ ፔዳሉ ቁርጭምጭሚታችሁን እንደሚሰብር። ሞተሩ ሲታመም የሚያሰማው ድምፅ ከጤነኛው በምን እንደሚለይ። ይህ የጆሮና የእጅ ትምህርት ነው፤ የሚተላለፈው አጠገብ ቆሞ ነው። አጠገባቸው ግን ማንም የለም፤ የመጣውን ስቀው መልሰውታል።

ችግሩም እንደ ድሮ አልቆመም። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ሆኗል። የድሮውን ጎማ ማሸጊያ ይበላል፤ ፋይበር ግላስ የሆነውን የነዳጅ ታንክ ያለሰልሳል። ይህን የሚፈታ አዲስ ጭንቅላት ያስፈልጋል። አዲስ ጭንቅላት የሚኖረው አዲስ ሰው ሲገባ ነው።

ሲቻልም ታይቷል። የቪንሰንት ባለቤቶች ክለብ የተቋቋመው በ1948 ነው፤ ፋብሪካው በ1955 ማምረት አቆመ። አባላቱ ንድፉን ይዘው፣ ዕቃውን እያሠሩ ቆዩና፣ ከክለቡ የወጣው የመለዋወጫ ድርጅት በ2008 አንድ ሙሉ አዲስ ቪንሰንት ብላክ ሻዶው ከባዶ ሠርቶ አቆመ። ፋብሪካው ከሞተ 53 ዓመት በኋላ! እውቀት ሲከማች ሳይሆን ሲዞር ይህን ያደርጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መሳደብ ቀላል ነው፤ ስለዚህ የምፈልገውን ልናገር።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ስጡ፤ ስብከቱ ይደርሳል። የተጠየቀውን ጥያቄ መልሱ። ካርቡራተሬ የዘመኑ እንዳልሆነ ሌላ ጊዜ ንገሩኝ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ።

ሁለተኛ፣ ሽልማቱን ቀይሩ። በየሜዳው ዋንጫ የሚሰጠው በመኪና ተጭኖ መጥቶ በጥርስ ብሩሽ ለተወለወለው ነው። ዋንጫው ከሩቅ ነድቶ፣ ጭቃ ለብሶ፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠግኖ ለመጣው ይሰጥ። የሚንጠባጠብ ዘይት የሕይወት ምልክት ነው።

ሦስተኛ፣ በሩ ክፍት ነውና አስገቡ። በእንግሊዝ ሕግ የ17 ዓመት ልጅ የአንድ ቀን ገደማ መሠረታዊ ሥልጠና ወስዶ፣ የለማጅ ምልክት ለጥፎ እስከ 125 ሲሲ መንዳት ይችላል። የመጀመሪያዋ ባንታም 125 ናት! ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሞተር ሳይክል ግብር የለበትም፤ ከ2018 ጀምሮም በመሠረቱ ካልተለወጠ ዓመታዊ ምርመራ አይጠየቅም። መንግሥት የከፈተውን በር የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ። በየጋራዣችሁ ጨርቅ ለብሳ የተኛችውን ሁለተኛዋን ባንታም ለአንድ ልጅ አውሱ።

አራተኛ፣ የምታውቁትን በድምፅም በሥዕልም አስቀምጡ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ድምፁን። ጤነኛውን ሞተር ቅዱ፤ የታመመውንም ቅዱ።

አምስተኛ፣ ስሞል ሂዝ ኑ። ቢ.ኤስ.ኤ. የተሠራበት ሰፈር ነው። ፋብሪካው አብዛኛው ፈርሷል፤ ሰፈሩ ዛሬ የፓኪስታኑ፣ የሱማሌው፣ የየአገሩ ስደተኛ ሰፈር ነው፤ የእኔም ሰፈር ነው። በየጥጉ ሞተር ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ የሚጠብቅ ልጅ አለ፤ ፍሬኑን ራሱ የሚቀይር፣ ሰንሰለቱን ራሱ የሚወጥር። የድሮው ቴሌግራም ተላላኪ ወራሽ ማን ሆነና? "ወጣት አጣን" እያላችሁ የምታለቅሱት ከዚህ ልጅ በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጣችሁ ነው።

"ንብረታችን ነው፤ ምን አገባችሁ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ብረቱ የእናንተ ነው። እውቀቱን ግን ከፋብሪካ አልገዛችሁትም። አንድ ሰው በነፃ ሰጥቷችሁ ነው፤ ምናልባት እናንተም በአንድ ብሎን በተዋረዳችሁበት ቀን። ዕዳ አለባችሁ።

ያን እሑድ ማታ ሰፈሬ ስደርስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባንታምን አይቶ "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?" አለኝ። በጣቴ ከመንገዱ ማዶ አሳየሁት። አላመነኝም። ከዚያ "ልርገጣት?" አለ። ቤንዚኑን እንዴት እንደሚያጠጣት አሳየሁት። በሦስተኛው ተነሳች፤ ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሞላው፤ ነጭ ጫማው ላይ ዘይት ጠብ አለበት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሲፈታታት ግን የራሱ ቁልፍ አልገባ አለው።

ኪሴ ውስጥ ያለችው ሩብ ዊትወርዝ አንድ ናት። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሜዳው የምመለሰው ሁለተኛ ልፈልግ ነው።